የፊት ሸራ ገመድ በየት ይለፍ? ከደህንነት ሽቦው ውስጥ ወይስ ውጭ?

ትንሽ ባለሸራ ጀልባ የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። የፊት ሸራውን የሚስበው ገመድ በጀልባዋ ጠርዝ ካለው የደህንነት ሽቦ በውስጥ በኩል ይለፍ ወይስ በውጭ? በላይ ወይስ በታች? ወደብ ላይ አምስት ሰው ብትጠይቁ አምስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። አምስቱም ደግሞ ለየራሳቸው ጀልባ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን በኋላ እናያለን። መንገዱን የሚወስነው ሽቦው አይደለም። የሚወስነው ገመዱ የሚገባበት ፑሊ የተተከለበት ቦታ ነው። ሸራው በነፋስ ሲሞላ፣ ከሸራው ጥግ እስከ ፑሊው ድረስ ገመዱ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። በመሃል ምንም ነገር መንካት የለበትም። ሽቦውንም፣ ሽቦውን ያቆመውን ብረትም፣ የምሰሶውን አውታርም። ይህን የሚያሟላው መንገድ ውስጥ ከሆነ ውስጥ፣ ውጭ ከሆነ ውጭ ነው።

ዕቃዎቹን እንተዋወቅ። ጀልባዋ መሃል ላይ ምሰሶ አለ። ምሰሶውን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ወጥረው የሚያቆሙ የብረት ገመዶች አሉ፤ አውታር እንበላቸው። ከምሰሶው ኋላ ያለው ዋናው ሸራ ነው። ከፊት፣ በፊተኛው አውታር ላይ የሚወጣው ሦስት ማዕዘን ደግሞ የፊት ሸራ ነው። አንዱ ጥጉ ከላይ፣ ምሰሶው ጫፍ አካባቢ ይታሰራል። ሁለተኛው ታች፣ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ይታሰራል። ሦስተኛው፣ የኋላ ጥጉ፣ ነፃ ነው። መሳቢያ ገመዶቹ የሚታሰሩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ለቀኝ፣ አንድ ለግራ። ነፋሱ ከቀኝ ሲመጣ የግራው ገመድ ይሠራል፤ የቀኙ ላልቶ ይጠብቃል። ጀልባዋ ስትዞር ተራ ይቀያየራሉ።

የደህንነት ሽቦው በጠርዙ ዙሪያ የተዘረጋ አጥር ነው። በቋሚ ብረቶች ተይዟል። ቁመቱ ብዙ ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በጣም ትንንሾቹ ላይ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። አንዳንዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ ብዙዎቹ ላይ የላይና የታች ሁለት መስመር። ሥራው አንድ ነው፦ ሰው ውኃ ውስጥ እንዳይወድቅ። ገመድ እንዲደገፍበት የተሠራ አይደለም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

የሸራው መጠን ይለያል

የፊት ሸራ ሁሉ አንድ አይደለም። ከምሰሶው ወደ ኋላ ብዙም የማያልፈው ትንሹ ጂብ ይባላል። ከምሰሶውና ከጎን አውታሮቹ አልፎ ወደ ኋላ የሚሄደው ትልቁ ጄኖዋ ነው። መጠኑ በመቶኛ ይነገራል። ከአፍንጫው እስከ ምሰሶው ያለውን ርቀት መቶ ካልነው፣ 150 የሚባለው ጄኖዋ ከኋላ ጥጉ እስከ ፊተኛው ጠርዙ በቀጥታ ሲለካ የዚያ አንድ ተኩል ነው። 135 እና 110 የሚባሉትም በዚሁ ስሌት ነው።

የትኛው እንደሚመረጥ አገሩ ይወስናል። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በበጋ ነፋሱ ደካማ ነው። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ያሉ ጀልባዎች ትልቅ ጄኖዋ ይዘው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ የበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ 20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) እና ከዚያ በላይ ይነፍሳል፤ እዚያ ትንሽ ጂብ ይበቃል፣ አንዳንዴም ይተርፋል። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ አንባቢዎች የመጀመሪያው ይመለከታችኋል። ፖቶማክ ወንዝ የሚፈሰው ወደ ቼሳፒክ ነው። ሬገን አየር ማረፊያ አጠገብ ባለው የአሌክሳንድሪያ ጀልባ ወደብ በእግራችሁ ብትዞሩ የምናወራቸውን ነገሮች ሁሉ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አሁን ወደ መንገዱ። ትንሹ ጂብ ቀላል ነው። የኋላ ጥጉ ከጎን አውታሮቹ ፊት ይቀራል። ፑሊውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በጎጆዋ ጣሪያ ላይ ወይም ከእሷ አጠገብ ነው። ስለዚህ ገመዱ ከአውታሮቹ በውስጥ በኩል ያልፋል። አንዳንድ ጀልባ ላይ በውስጠኛውና በውጨኛው አውታር መካከል ይሾልካል። የደህንነት ሽቦው ከዚህ ሁሉ ውጭ ስለሆነ ነገሩ ውስጥ የለበትም።

ጄኖዋ ነው ራስ የሚያሳምመው። ሸራው ራሱ አውታሮቹን አልፎ ስለሚሄድ ገመዱ ያለ ምርጫ ከአውታሮቹ ሁሉ በውጭ ያልፋል። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ከአውታሮቹ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓይነት ጀልባ ነው።

አንደኛው ዓይነት ላይ የፑሊው ሐዲድ (ፑሊው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ብረት) ከቋሚ ብረቶቹ ወደ ውስጥ፣ በጎን መተላለፊያው ላይ ተተክሏል። ገመዱ ከአውታሮቹ በውጭ፣ ከደህንነት ሽቦው ግን በውስጥ ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከአውታሩ ውጭ ያወጣውን ገመድ በዚያው ከሽቦውም ውጭ ይወስደዋል፤ ከዚያ በላይኛው ሽቦ ላይ አሻግሮ ወደ ፑሊው ይመልሰዋል። ወደብ ላይ ቆሞ ሲታይ ችግር የለውም። ሸራው ሲሞላ ግን ገመዱ ሽቦውን ይጫነዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ላይ ሐዲዱ ጠርዙ ላይ ነው፣ ከቋሚ ብረቶቹ እኩል ወይም ወደ ውጭ። ወይም ለፑሊ ተብሎ የተተከለ ሐዲድ ጭራሽ የለም፤ ጠርዙን ተከትሎ የሚሄደው ቀዳዳ ያለው የአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ ፑሊ ይንጠለጠላል። እዚህ ገመዱ ከሽቦው በውጭ ይወርዳል። ፑሊው ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ከዚያ ከታችኛው ሽቦ ሥር ገብቶ ኮክፒት (መሪው ያለበት የኋላ መቀመጫ) ውስጥ ወዳለው ዊንች (ገመድ መጠምጠሚያ) ይሄዳል። ማጠፍ የፑሊው ሥራ ስለሆነ ይህ ጤነኛ ነው። “በታች ነው የሚያልፈው” ብሎ የነገራችሁ ሰው ምናልባት ይህን ማለቱ ነበር። ከፑሊው በኋላ በታች ነው፤ ከፑሊው በፊት ግን ውጭ ነው።

በላይኛውና በታችኛው ሽቦ መካከል የሚያልፍ ገመድ ካያችሁ ተጠራጠሩ። የሚሠራበት ጀልባ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ግን አንድ ሰው ቸኩሎ ያስገባው ነው።

ፑሊው ውስጥ ወይም ውጭ መሆኑ ለምን ይለያል? የሸራውን ማዕዘን ስለሚወስን ነው። ከአፍንጫው እስከ ፑሊው 3.5 ሜትር ነው እንበል። ፑሊው ከጀልባዋ መሃል መስመር 60 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ያህል ነው። 1.1 ሜትር ቢርቅ 17 ዲግሪ ይሆናል። ጠባቡ ማዕዘን ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ቀረብ ብላ እንድትወጣ ይረዳል። ሰፊው ደግሞ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ይጠቅማል። ካታሊና 22ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1969 ፍራንክ በትለር የነደፋት፣ ከ15,000 በላይ የተሠራች፣ አሜሪካ ውስጥ በየወደቡ የማትጠፋ ጀልባ ናት። የጎን ስፋቷ 2.3 ሜትር ገደማ ነው። ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት 1.15 ሜትር ብቻ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ጠባብ ጀልባ ላይ ፑሊው ሁለት ስንዝር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መሆኑ ብዙ ይቀይራል።

ሽቦውን ቢነካውስ ምን ይመጣል?

ብዙ ሰው “ትንሽ ቢነካ ምን አለበት?” ይላል። ስለዚህ ሒሳቡን እንሥራው።

የጀልባ ዕቃ አምራቾች ገመድ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት የሚገምቱበት ዘዴ አለ። የሸራውን ስፋት በካሬ ሜትር ውሰዱ። የነፋሱን ፍጥነት በኖት ውሰዱና በራሱ አባዙት። ሁለቱን አባዙና በ0.021 ደግማችሁ አባዙ። የሚመጣው ኪሎ ነው። 14 ካሬ ሜትር ጄኖዋ በ15 ኖት ነፋስ፦ 14 × 225 × 0.021፤ ወደ 66 ኪሎ። ነፋሱ 20 ኖት ቢደርስ 118 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ነፋሱ በአምስት ኖት ብቻ ሲጨምር ጉልበቱ ይህን ያህል ዘለለ። ነፋስ የማይናቀው ለዚህ ነው።

66 ኪሎ የተወጠረ ገመድ አንድ ነገር ላይ 20 ዲግሪ ብቻ ቢታጠፍ፣ ያ ነገር 23 ኪሎ ያህል ግፊት ይቀበላል። 20 ዲግሪ ለዓይን ትንሽ ናት፤ ልብ ካላሉ አይታይም። ያ ነገር 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቋሚ ብረት ጫፍ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ወደ እግሩ ይወርዳል። የብረቱ ቁመት እንደ ሚስማር መንቀያ እጀታ ይሠራል። እግሩ ሥር ያሉት ብሎኖች በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢታሰሩ፣ ወደ ላይ የሚነቅላቸው ጉልበት 270 ኪሎ ያልፋል። በእውነተኛው ጀልባ ላይ ግፊቱን ሽቦውና ሌሎቹ ብረቶች ይካፈሉታል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የባሰውን ሁኔታ የሚያሳይ ነው። ቢካፈሉትም ግን ግፊቱ ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚቆይ ነው። ሰው ሲወድቅበት ግን አንድ ጊዜ ነው።

ብረቱ ወዲያው አይሰበርም። መጀመሪያ የሚለቀው እግሩ ሥር ያለው ውኃ መከላከያ ማጣበቂያ ነው። ከዚያ ዝናብ በብሎኑ ቀዳዳ ይገባል። የብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ወለል ከላይና ከታች ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ላይ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፖርሳቶ ነው። እንጨቱ ውኃ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል፣ ወለሉ ሲረገጥ ይሰጥማል። ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ ቋሚ ብረቶቹን ይዛችሁ ነቅነቅ ማድረጋችሁ አይቀርም። ከነቀነቃችሁ አይቀር ገመዱ በየት ሲያልፍ እንደኖረም ተመልከቱ። ሽቦው ላይ ወይም ብረቱ ላይ የተፋቀ ምልክት ካለ ታሪኩን ይነግራችኋል።

ገመዱም ይጎዳል። በየሞገዱ ወደፊትና ወደኋላ እየተፋተገ ሽፋኑ ይላጣል። ሽቦውም አይቀርለትም። አሮጌ ጀልባ ላይ ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ ነጭ ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ለእጅ ይመቻል፣ ያምራልም። እኔ ግን አልወደውም። ፕላስቲኩ አንድ ቦታ ሲላጥ ጨዋማ ውኃ ከሥሩ ገብቶ ይቀራል፤ ዝገቱ ተሸፍኖ ያድጋል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ለውቅያኖስ ውድድር የደህንነት ደንብ የሚያወጣው ወርልድ ሴይሊንግ የብረት ሽቦው ሽፋን የሌለው እንዲሆን የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተሸፈነው ላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን ክር ተበጥሳ ከወጣች ገመዱንም፣ ሸራውንም፣ መዳፋችሁንም ትቦጭቃለች።

ሸራው ሲላላ ነገሩ ይቀየራል

አሁን እስከ ላይ የተናገርኩትን ትንሽ ላወሳስበው ነው። ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ሸራው ጥብቅ ብሎ ሲሳብ፣ ማለትም ወደ ነፋሱ ስትወጡ ነው። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ገመዱን ታላላላችሁ። የሸራው ጥግ ወደ ውጭና ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከጠርዙም ይወጣል። ፑሊያችሁ ውስጥ ከሆነ ገመዱ አሁን ከፑሊው ተነስቶ በላይኛው ሽቦ ላይ ታጥፎ ወደ ውጭ ይሄዳል። ጠዋት ትክክል የነበረው መንገድ ከሰዓት በኋላ ስህተት ሆነ።

ለአሥር ደቂቃ ከሆነ ተዉት። የቀኑን ግማሽ እንደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ግን መፍትሔው ሁለተኛ ገመድ ነው። አንድ ትርፍ ገመድ በሸራው ጥግ ላይ ታስራላችሁ። ከሽቦው በውጭ አድርጋችሁ ጠርዙ ላይ ወደተንጠለጠለ ፑሊ ትወስዱታላችሁ። ጎኑ ተከፍቶ ገመድ የሚያስገባ ፑሊ ካለ ሥራው በጣም ይቀላል፤ ጫፉን ፈልጎ ማሾለክ አያስፈልግም። ሁለተኛውን ስባችሁ ጉልበቱን ሲቀበል የመጀመሪያውን ታላላላችሁ። ሽቦው ነፃ ወጣ። የሸራው ማዕዘንም ስለሰፋ በሁለቱ ሸራዎች መካከል ነፋሱ እንደልቡ ያልፋል፤ ጀልባዋም ትፈጥናለች። ሲበዛ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሰው ለምን እንደሚሰንፍበት አይገባኝም።

ሌላው ነገር የሸራው የታች ጠርዝ ነው። አንዳንድ ጄኖዋ ወለሉን እየጠረገ የሚሄድ ዝቅ ያለ ነው፤ ለውድድር ጥሩ ነው። ጀልባዋ ዞራ ሸራው ወደ ሌላው ጎን ሲያልፍ ግን የታች ጠርዙ ከደህንነት ሽቦው ውጭ ይወድቃል፤ ጥጉ ደግሞ ውስጥ ይሆናል። ሸራው ሽቦው ላይ ታጠፈ ማለት ነው። ተወዳዳሪዎች አንድ ሰው ወደ ፊት ልከው ጠርዙን በእጅ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ሁለት ሰው ብቻ ለሆናችሁበት መዝናኛ ይህ አይመችም። ሸራ የሚሰፋ ሱቅ ሄዳችሁ የታች ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ሽቦውን በላይ የሚያልፍ ሸራ ጠይቁ። ትንሽ ስፋት ታጣላችሁ፤ ግን ከፊታችሁ የሚመጣውን ጀልባ በሸራው ሥር ማየት ትችላላችሁ። ያላችሁን መቀየር ካልፈለጋችሁ ሽቦውና ቋሚው ብረት በሚነኩበት ቦታ ላይ መከላከያ ቁራጭ እንዲሰፋበት አድርጉ።

ሲታሰር

ሥራው የሚጀመረው ከሸራው ጥግ ነው እንጂ ከዊንቹ አይደለም። ሸራው ከመውጣቱ በፊት ገመዱን ጥጉ ላይ እሰሩ። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ቦውላይን የሚባለውን ቋጠሮ ነው፤ ይይዛል፣ ሲፈለግም ይፈታል። የብረት ማያያዣ አትጠቀሙ። ሸራው ሲራገብ ያ ብረት በሰው ፊት አካባቢ ነው የሚወናጨፈው። ጫፉን ይዛችሁ በእግራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ከአውታሮቹ ውጭ፣ ከዚያ እንደ ፑሊያችሁ ቦታ ከሽቦው ውስጥ ወይም ውጭ። ፑሊው ውስጥ አስገቡ። ጫፉ ላይ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ አድርጉ፤ ገመዱ ቢያመልጣችሁ ፑሊው ላይ ይቆማል። በሌላው ጎን ልክ ያንኑ ድገሙ። አንዱ ጎን ውስጥ፣ ሌላው ውጭ ሆኖ ማግኘት ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው።

የእያንዳንዱ ገመድ ርዝመት የጀልባዋ አንድ ተኩል ያህል ይሁን። ውፍረቱ ለትንሽ ጀልባ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለጥንካሬው ቢሆን ከዚያም የቀጠነ ይችላል፤ ውፍረቱ የሚመረጠው ለእጅ ነው።

ከዚያ ሙከራ። ነፋስ በሌለበት ወደብ ላይ ሸራውን አውጡና አንድ ሰው ጥጉን ይዞ ሸራው በሚሞላበት አቅጣጫ ይሳበው። ሌላው ገመዱን ያጥብቅ። ዓይናችሁን ከጥጉ ወደ ፑሊው በገመዱ ላይ ላኩት። ቀጥ ያለ ነው? የሚነካው ነገር አለ? እጃችሁን በሽቦውና በገመዱ መካከል አስገብታችሁ እዩት። ከወደብ ስትወጡ፣ ነፋሱ ሲይዝ፣ ደግማችሁ እዩ፤ ጀልባዋ ስታዘነብል ማዕዘኑ ትንሽ ይቀየራል።

ፑሊው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የት ይቁም የሚለው የራሱ ሰፊ ጉዳይ ነው። ባጭሩ ግን፣ ሸራው ላይ ያሉትን የክር ጠቋሚዎች (ነፋሱ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያሳዩ ትንንሽ ክሮች) እዩ። ቀስ ብላችሁ ወደ ነፋሱ ስትዞሩ የላይኛው ክር ቀድሞ ከተረበሸ ፑሊውን ወደ ፊት፤ የታችኛው ከቀደመ ወደ ኋላ። የሚጠቀለል ሸራ ያላችሁ ደግሞ በከፊል ስትጠቀልሉት ጥጉ ወደ ፊት ስለሚሄድ ፑሊውም ወደ ፊት መከተል አለበት። ፑሊው ሲንቀሳቀስ ገመዱ አዲስ ቋሚ ብረት ሊነካ ስለሚችል የገመዱን መንገድ ደግማችሁ ተመልከቱ።

ከሽቦው ውጭ የሚያልፍ ገመድ ሁለት አመል አለው። አንዱ፣ የማይሠራው ጎን ላልቶ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለቱም ገመዶች ጀልባዋ ላይ መሆናቸውን ቁጠሩ፤ ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ ገመድ ቀኑን ያበላሻል። ሁለተኛው ይበልጣል። ብዙ ጀልባ ላይ ሽቦው የሚከፈት በር አለው፤ የሚዘጋው ስቦ በሚለቀቅ መንጠቆ ነው። የሚራገብ ገመድ ያንን መንጠቆ ጎትቶ ሊከፍተው ይችላል። አጥር አለ ብሎ የተደገፈ ሰው ከዚያ በኋላ የሚደገፈው አየር ላይ ነው። መንጠቆው ላይ ፒን ካለ አስገቡት፤ ከሌለ በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልሉት።

ቼሳፒክ አካባቢ ብዙ ጀልባ ክረምቱን ከውኃ ወጥቶ ነው የሚያሳልፈው፤ ሸራውም ወርዶ ቤት ይገባል። ጸደይ ላይ መልሶ የሚሰቅለው ሰው መንገዱን ረስቶታል፣ ወይም ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሸራው ከመውረዱ በፊት በሁለቱም ጎን፣ ከጥጉ እስከ ዊንቹ ድረስ ገመዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ፑሊው ሐዲዱ ላይ የቆመበትንም ቀዳዳ በማርከር ምልክት አድርጉበት።